ጋዜጠኝነት ተምሮ ወደ ኮሌጅ ስፖርት አስተዳደር፦ በየትኛው በር መግባት ይሻላል?

አሜሪካ ውስጥ ጋዜጠኝነት እየተማሩ ያሉ ወይም የተመረቁ፣ ስፖርት ደግሞ ነፍሳቸው የሆነ የሀበሻ ልጆች አሉ። ጋዜጣ ቤት እንደ ድሮው አይቀጥርም። ቤት ውስጥም "ነርሲንግ ብትማሪ ምን ነበረበት?" የሚል አጎት አይጠፋም። ስለዚህ ይህ ዲግሪ የት ያደርሳል የሚለው የእንጀራ ጥያቄ ነው። ከመልሶቹ አንዱ ብዙ ሰው ልብ ያላለው የዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ነው።

ትንሽ ቢሮ እንዳይመስላችሁ። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ የሚባለው ማኅበር ብቻ ወደ 1,100 የሚጠጉ አባል ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከ500,000 በላይ ደግሞ ተማሪ ስፖርተኞች አሉት። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የስፖርት ዳይሬክተር አለው። ከሥሩ ምክትሎች፣ ደንብ አስከባሪዎች፣ ገንዘብ አሰባሳቢዎች፣ የቲኬትና የማርኬቲንግ ሰዎች፣ የኮሙኒኬሽን ሰዎች አሉ። ኳስ ተጫውታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ችግር የለውም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የጋዜጠኝነት ዲግሪ በሩን የሚከፍትላችሁ በኮሙኒኬሽን በኩል ነው፤ ወደ ላይ የሚያወጣው መሰላል ግን ዛሬ በአብዛኛው በገንዘብና በደንብ በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አንድ ሥራ ስትመርጡ ሥራው ራሱ እንደሚስማማችሁ ብቻ አትዩ፣ ከእሱ ቀጥሎ ወዴት እንደሚወስዳችሁም እዩ።

መድረስ እንደሚቻል ማስረጃ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቢል ሃንኮክ ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተማረ፣ እዚያው በስፖርት መረጃ ቢሮ ረዳት ሆነ፣ ሆባርት በምትባል ትንሽ ከተማ የቤተሰቡን ጋዜጣ አዘጋጀ፣ ከዚያ ወደ ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ቢሮ ተሻገረ፣ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የመጨረሻ አራት ቡድኖች የሚገናኙበትን ፋይናል ፎር መራ፣ በመጨረሻም የኮሌጅ ፉትቦል ፕሌይኦፍ (የኮሌጆች የአሜሪካ ፉትቦል ሻምፒዮና) የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ሆነ። ማይክ ትራንጊዚ ፕሮቪደንስ ኮሌጅ የስፖርት መረጃ ኃላፊ ነበር፤ ከ1990 እስከ 2009 የቢግ ኢስት ኮንፈረንስ ኮሚሽነር ሆኖ ሠርቷል። ኤንሲኤኤን ከ1951 ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ የመራው ዋልተር ባየርስ ራሱ የዩናይትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ዘጋቢ ነበር። ግን እነዚህ ሰዎች ያደጉት ሙያው ጠባብ፣ ገንዘቡም ትንሽ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ የስፖርት ዳይሬክተር የሚሆነው ሰው በጀት ያንቀሳቀሰ፣ ለጋሽ ያሳመነ ወይም ከጠበቃ ጋር ተቀምጦ ውል ያነበበ ሰው ነው።

ኮሙኒኬሽን፦ ቀላሉ መግቢያ፣ ከባዱ ኑሮ

ለእናንተ በጣም ቅርቡ ይህ ነው። የተማራችሁት ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ይውላል።

ማክሰኞ ማታ፣ ትንሽ ጂም፣ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ጨዋታ አስቡ። ሜዳው ጠርዝ ላይ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ዓይኑን ከሜዳ ሳይነቅል ይጠራል፦ "23፣ ሦስት ነጥብ፣ ሳተች፣ ሪባውንድ 4።" ሌላው ቀና ሳይል ኮምፒውተሩ ላይ ይመታል። እያንዳንዷ ምት ወዲያው ድረ ገጽ ላይ ትወጣለች። ፊሽካው ሲነፋ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ስታቲስቲክሱ ይታረማል፣ የጨዋታው ዘገባ ይጻፋል፣ አጭር ቪዲዮ ይቆረጣል፣ አሰልጣኟ ቃለ መጠይቅ ላይ እንድትቀርብ ይደረጋል፣ ፎቶ ይለቀቃል። እኩለ ሌሊት አካባቢ ደግሞ የልጄን ስም ፊደል አሳስታችኋል የሚል የአባት ኢሜይል ይመጣል።

እዚህ ላይ የኛ ልጅ የሚጠቅምበት አንድ ነገር ልጨምር። በሩጫ በኩል የአሜሪካ ኮሌጆች ከምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ሯጮች ያመጣሉ፣ በተለይ ከኬንያ፣ ከኛም አካባቢ አለ። የሀበሻ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ልጁን በአባቱ ስም እየጠሩ አራት ዓመት ሙሉ የሚጽፉበት ቦታ አለና።

የዚህ ሥራ ጉዳቱ ምንድን ነው? ማታና ቅዳሜ እሁድ የሥራ ቀን ነው። ብዙ የበዓል ቀንም እንዲሁ፤ የገና በዓል በቅርጫት ኳሱ ወቅት አጋማሽ ላይ ነው የሚውለው፣ ፋሲካም ቤዝቦልና ሶፍትቦል በጦፈበት ሰሞን። የመነሻ ደመወዙ ለሚጠይቀው ሰዓት ዝቅተኛ ነው። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው፤ የኮሙኒኬሽን ሰው በብዙ ቦታ ውሳኔው ካለቀ በኋላ "ይህን ጻፍልን" ተብሎ ነው የሚጠራው። ውሳኔው ሲሰጥ ክፍሉ ውስጥ የለም። ዓመታት እዚያ የሚቀመጥ ሰው ጥሩ ባለሙያ ይሆናል፣ አስተዳዳሪ ግን ላይሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መባል አለበት። እዚያ ስትገቡ ጋዜጠኛ መሆናችሁ ያበቃል። አሰልጣኝ ሲባረር ወይም ተጫዋች ሲታሰር፣ የምትጽፉት የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ያየውን ሁለት መስመር ነው። የተማሪ መረጃን የሚጠብቀው ፌርፓ የሚባለው የ1974 ሕግም ያወቃችሁትን ሁሉ እንዳትናገሩ ይይዛችኋል። ይህ ነውር አይደለም፣ የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን እውነቱን አውጥቼ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም የምትሉ ከሆነ፣ ይህን በር ከመግባታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡበት።

ኮምፕላያንስ፦ ሁለተኛ ሥራ ቢሆን የምመርጠው

ኮምፕላያንስ የሚባለው የደንብ ማስከበር ሥራ ከውጭ ሲያዩት ይደብራል። የኤንሲኤኤ ደንብ ወፍራም ነው። ተጫዋች በውድድር ወቅት በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ በግዴታ ልምምድ ሊያዝ አይችልም። ከኤንሲኤኤ ሦስት እርከኖች ከፍተኛው በሆነው ዲቪዥን አንድ ለመጫወት ከሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ማለፍ ግድ ነው። አሰልጣኝ መቼ ደውሎ ማነጋገር እንደሚችል፣ መቼ ቤት ሄዶ ማየት እንደሚችል የቀን መቁጠሪያ አለው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው መከታተል አለበት።

ታዲያ ለምን እመክራለሁ? ምክንያቱም አሁን ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። ጁን 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ተጫዋቾች ካቀረቡት ክስ የመጣውን ሃውስ የተባለውን ስምምነት አጸደቁ፤ በዚያ መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እያንዳንዳቸው እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ በቀጥታ ለተጫዋቾች ማካፈል ቻሉ። ተጫዋቹ ከውጭ ድርጅት ጋር የሚዋዋለው ውል 600 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ለማጣሪያ መመዝገብ አለበት። ይህን ለ19 ዓመት ልጅ፣ ለእናቱ፣ ለአሰልጣኙ በሚገባ ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ረጅም ሰነድ አንብቦ ፍሬ ነገሩን ማውጣት፣ ሰው ለመመለስ የማይፈልገውን ጥያቄ በትሕትና መጠየቅ፣ የተነገረውን ከሌላ ምንጭ ማረጋገጥ፦ ይህ የእናንተ ሙያ ነው።

ችግሩ ከሕግ ምሩቃን ጋር መፎካከራችሁ ነው። በትልልቅ ትምህርት ቤቶች ከላይ ያሉት ብዙዎቹ የሕግ ዲግሪ አላቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሥራነት ማግኘቱ ይከብዳል፤ በትንሽ ትምህርት ቤት ግን ኮሙኒኬሽን ላይ ሆናችሁ ግማሽ ቀን ኮምፕላያንስ እንድታግዙ መጠየቅ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ሰው ስለሚያጥራቸው እሺ ይላሉ።

ገንዘብ ማሰባሰብና ቲኬት

ገንዘብ ማሰባሰብ ወደ ዳይሬክተርነት ከሚወስዱት መንገዶች አጭሩ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሰው አሰልጣኝ ያባርራል፣ ስታዲየም ያድሳል፣ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚያመጣው ሰው ስም ይታወቃል። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ወይም ለመስጊድ አዳራሽ ሲዋጣ እያየ ያደገ ልጅ የሥራውን ባሕርይ ያውቀዋል፤ ሰው የሚሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው፣ ያም ሰው ደጋግሞ የጠየቀው፣ ታሪኩን ያዳመጠው፣ ከሰጠ በኋላም ያልረሳው ሰው ነው። ቃለ መጠይቅ የሚችል ጋዜጠኛ እዚህ ይሳካለታል። ገንዘብ ስጡኝ ማለት አንገት የሚያስደፋችሁ ከሆነ ግን አትድከሙ።

ቲኬት ሽያጭና ማርኬቲንግ ላይ ክፍት ቦታ ቶሎ ይገኛል። ግን እዚህ ጋ አንድ ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ አለ፤ ትንሽ ልቆይበት።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖንሰር፣ የሚዲያ መብትና የቲኬት ሽያጭን እንደ ሊርፊልድና ፕሌይፍላይ ላሉ የግል ኩባንያዎች ሰጥተዋል። ቢሮው ግቢው ውስጥ ነው፣ የምትለብሱት ሸሚዝ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ ቀጣሪያችሁ ግን ኩባንያው ነው። ልዩነቱ ደመወዝ ቼኩ ላይ ባለው ስም ብቻ አያበቃም። የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ በብዙ ቦታ በነፃ ወይም በቅናሽ ማስተርስ ይማራል፤ የኩባንያው ሠራተኛ ይህን ላያገኝ ይችላል። የፌዴራል የትምህርት ብድር ያለባችሁ ከሆነ፣ ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ በሙሉ ሰዓት እየሠራችሁ 120 ወርሃዊ ክፍያ ስትከፍሉ ቀሪው ብድር የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለ። ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ውስጥ የምትሠሩባቸው ወራት አይቆጠሩም። አሥር ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። ስለዚህ በቃለ መጠይቁ ላይ "ቀጣሪዬ ማን ነው?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

የኮንፈረንስ ቢሮዎችና ኢንዲያናፖሊስ ያለው የኤንሲኤኤ ዋና ጽሕፈት ቤትም አሉ። ኤንሲኤኤ ለምሩቃን የአንድ ዓመት ደመወዝ ያለው ኢንተርንሺፕ አለው፣ ፉክክሩ ከባድ ነው፣ ካገኛችሁት ያዙት። ብዙ ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጊዜ ታውቃላችሁና።

ትልቅ ትምህርት ቤት ወይስ ትንሽ?

ሁሉም ሰው ትልቁን ስም ይፈልጋል። የፉትቦል ስታዲየሙ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቤተሰብ ዘንድ የሚታወቅ አርማ። ይገባኛል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ሥራ ትንሹን እመርጣለሁ፣ ያውም ሳላመነታ።

ትልቅ ዲቪዥን አንድ ውስጥ ምናልባት ጎልፍና ቴኒስ ይሰጣችኋል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በጀት ምን እንደሚመስል ሳታዩ ትወጣላችሁ። የስፖርት ስኮላርሺፕ የማይሰጠው ዲቪዥን ሦስት ውስጥ ግን የኮሙኒኬሽን ሰው ማለት ጨዋታ የሚያዘጋጅ፣ ዳኛ የሚቀበል፣ አንዳንዴ አውቶቡስ የሚይዝ፣ ከዳይሬክተሩ ጋር የሰኞ ስብሰባ የሚቀመጥ ሰው ነው። የሚያደክም ነው፣ ግን አስተዳደር የሚባለውን ነገር የምትማሩት እዚያ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ትንንሽ የግል ኮሌጆች የተማሪ ቁጥራቸው እየቀነሰ የሚዘጉ መኖራቸው ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ያለፉትን ጥቂት ዓመታት የተማሪ ብዛት እዩ። በተከታታይ እየወረደ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ዲሲና አካባቢው ላላችሁ ደግሞ ምርጫው ደጃችሁ ላይ ነው። ሜሪላንድ፣ ጆርጅታውን፣ ሃዋርድ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ አሜሪካን፣ ጆርጅ ሜሰን ዲቪዥን አንድ ናቸው። ቦዊ ስቴትና ዩዲሲ ዲቪዥን ሁለት፣ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲና ጋሎዴት ዲቪዥን ሦስት። ከቤተሰብ ቤት ሳይወጡ ሦስቱንም ዓይነት ማየት የሚቻልበት ከተማ ብዙ የለም፤ በዚህ ደመወዝ ደግሞ የቤት ኪራይ አለመክፈል ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

ማስተርስ አሁን ወይስ በኋላ?

በስፖርት አስተዳደር ማስተርስ የሚሰጡ ብዙ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የመጀመሪያው በ1966 በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ነው። ዲግሪው ይጠቅማል፣ ለላይኛው ወንበር ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ነገር ግን ከኪሳችሁ ወይም በብድር ከፍላችሁ አትማሩት። ሁለት የተሻሉ መንገዶች አሉ። አንዱ ግራጁየት አሲስታንት መሆን ነው፤ ስፖርት ክፍሉ ውስጥ ትሠራላችሁ፣ የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ ትንሽ የወር ገንዘብም ይሰጣችኋል። ሁለተኛው ተቀጥሮ የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅሙን ተጠቅሞ ቀስ እያሉ መማር ነው። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፣ ሁለተኛው ኪስ አይጎዳም። ቤተሰብ ለምትረዱ ልጆች ሁለተኛው ይሻላል፤ አዲስ አበባ ገንዘብ እየላኩ በግራጁየት አሲስታንት ክፍያ መኖር አይቻልም።

በተማሪ ቪዛ ላላችሁ

እናንተ ምርጫችሁን ከሌላው ሰው ለየት አድርጋችሁ ማየት አለባችሁ። ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ 12 ወር ነው። ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ምሩቃን የሚጨመረው 24 ወር አብዛኛውን ጊዜ ለጋዜጠኝነት አይሠራም። በዚያ ላይ ሥራው ከተማራችሁት ጋር በቀጥታ መገናኘት አለበት። ኮሙኒኬሽን ላይ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ቲኬት ሽያጭ ላይ ግን ትቸገራላችሁ።

ጥሩው ዜና ዩኒቨርሲቲዎች ኤች ዋን ቢ ለተባለው የሥራ ቪዛ ሎተሪ ውስጥ መግባት አያስፈልጋቸውም፣ በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይችላሉ። ቀጣሪው የግል ኩባንያ ከሆነ ይህ ዕድል በአብዛኛው የለም፣ ከላይ ያነሳሁት የቀጣሪ ጉዳይ እዚህም ይመጣል። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው አዋጅ ደግሞ ከአሜሪካ ውጪ ላሉ ሰዎች በሚቀርብ አዲስ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ስለጣለ፣ የሥራ ፈቃዳችሁ ሳያልቅ እዚሁ ሆናችሁ ጉዳዩን መጀመር ትልቅ ልዩነት አለው። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። የትምህርት ቤታችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አነጋግሩ፣ የፌስቡክ ምክር አትስሙ።

ገና ተማሪ ከሆናችሁ

የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ልሥራ ወይስ ስፖርት ክፍሉ ውስጥ በተማሪነት ልቀጠር? ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሥራት አይቻልም። ከሚዘግብበት ቢሮ ደመወዝ የሚበላን ሰው የትኛውም ጋዜጣ ስለ ስፖርት አያስጽፍም፣ ልክም ነው። የኔ ምክር መጀመሪያ ጋዜጣው ነው። ጥያቄ መጠየቅና በሰዓት ማስረከብ የሚለመደው እዚያ ነው፤ ዘጋቢ ምን እንደሚፈልግ ያላወቀ ሰው ዘጋቢን ማስተናገድ አይችልም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ወደ ስፖርት ክፍሉ ተሻገሩ፣ ስታቲስቲክስ መመዝገብ እችላለሁ በሉ። ይህን የሚችል ተማሪ ሁልጊዜ ይፈለጋል።

ከቃለ መጠይቅ በፊት ደግሞ ጋዜጠኝነታችሁን ለራሳችሁ ተጠቀሙበት። የፌዴራል ትምህርት መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የስፖርት ገቢ፣ ወጪና የተጫዋች ብዛት ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። የኮሌጅ ስፖርት እንዲሻሻል የሚሠራው ናይት ኮሚሽን ከሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ኒውሃውስ ትምህርት ቤት ጋር ያዘጋጀው የመረጃ ቋት ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ገንዘብ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ያሳያል። በብዙ ስቴቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ደመወዝም ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ስንት ይከፈለው እንደነበር አውቃችሁ ልትገቡ ትችላላችሁ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ስንት ስፖርት እንደምትይዙ፣ ቅዳሜና እሁድ ስትሠሩ ምትክ ዕረፍት እንዳለ፣ የበጀት ስብሰባ ላይ መቀመጥ እንደሚፈቀድላችሁ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ቦታ ለቆ የሄደው ሰው አሁን የት እንዳለ ጠይቁ። ወደ ላይ ከወጣ ወይም ሌላ ጥሩ ትምህርት ቤት ከሄደ መልካም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሦስት ሰው ሙያውን ጭምር ትቶ ከወጣ፣ የሚነግሯችሁ ነገር ምንም ያህል ቢያምር አትፈርሙ።

የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ክፍት ቦታው የሚበዛው ከኤፕሪል እስከ ጁላይ፣ የውድድር ዓመቱ አልቆ ሰው ቦታ ሲቀያየር ነው። የሠራችኋቸውን ዘገባዎች፣ ቪዲዮዎችና አንድ የመዘገባችሁትን የጨዋታ ስታቲስቲክስ እስከ ማርች መጨረሻ አንድ ገጽ ላይ ሰብስባችሁ ጨርሱ፤ የኮሌጅ ስፖርት ኮሙኒኬተሮች ማኅበር የሥራ ማስታወቂያ ገጽንም ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ክፈቱት።